ስታዲየም አካባቢ የስኪ ጫማ አየሁ ብላችሁ እንዳትሞኙ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ትናንት ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች አንዱ ገብቼ 7,000 ብር አስረክቤ ወጣሁ። ደረሰኝ ስለው "ወንድሜ፣ እኛ ጋ ቃል ነው ደረሰኙ" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ቂል!

የአጎቴ ልጅ ከኦስሎ ባለ ጎማ ስኪ ልኮልኛል፣ ያው በረዶ ለሌለው አገር የሚሆነውን። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ከተወዳደረ ጀምሮ የያዘኝ አባዜ ነው። ጫማ ግን አልነበረኝም፣ እና ሰልባጁ መሃል ሳሎሞን የሚል የስኪ ዕቃ ፋብሪካ ስም ያለበት ጫማ ሳይ አእምሮዬ እዚያው ቀረ።

ሰውየው ስልኬ ላይ ያለውን የስኪውን ፎቶ በሁለት ጣቱ ወጠረው። "ይኸው መንጠቆው" አለ። ከዚያ ጫማውን አነሳና አፍንጫው ስር ያለችውን ቀጭን ብረት አሳየኝ። "ይኸው ብረቱ። ምን ቀረ?" መዳፉ ግን ከሶሉ አልተነሳም። ይሄ አሁን ነው የታየኝ። "ባይገጥምስ?" ስለው "ካልገጠመ ጺሜን ልላጭ!"

ቤት ገብቼ ገለበጥኩት። ስኪው ላይ ያለው ጫማውን የሚይዘው መቆለፊያ ሁለት ቀጫጭን ሸንተረር አለው፣ ኤንኤንኤን የሚሉት ዓይነት ነው። የጫማው ሶል ደግሞ አንድ ሰፊ ቦይ ብቻ፣ የሳሎሞን የድሮው ኤስኤንኤስ የሚባለው ዓይነት። ብረቷም በስፋት አትገናኝም። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አደርኩ፣ ከገዙ በኋላ ማንበብ ማለት ይሄ ነው። ሳሎሞን እ.ኤ.አ. በ2016 ከኤንኤንኤን ጋር የሚገጥም ፕሮሊንክ የሚባል ዓይነት አውጥቷል፣ የኔው ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። የኤንኤንኤን ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሮተፌላ ይባላል፣ ብሮር ዊት የሚባል ኖርዌጂያዊ በ1927 ከሠራው መቆለፊያ የመጣ ስም ነው። በኖርዌይኛ የአይጥ ወጥመድ ማለት ነው አሉ። አይጧ እኔ።

ዛሬ ጠዋት ስኪውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። ባንኮኒው ላይ ያለው ልጅ ሳይነሳ "ፋዘር፣ በረዶ ሲጥል ይዘኸው ና" አለ፣ ሱቁ በሳቅ ተሞላ። ባለቤቱ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም።

ለማንኛውም የምትገዙ ካላችሁ ስኪውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጫማውን ገልብጣችሁ ቦዩን ቁጠሩ። ጺሙ እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠዋት እዚያው ነው ያለው።