ዝምተኛው እግረኛ፦ የጂሮ ታኒጉቺ «የሚራመደው ሰው»

ማንጋ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ በድብድብና በጩኸት ብቻ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ መጽሐፍ እንግዳ ይሆንበታል። አንድ ጎልማሳ ከቤቱ ወጥቶ በሰፈሩ ይዘዋወራል፤ ወፍ ያያል፣ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ በረዶ ሲጥል ደጅ ይወጣል፤ ከዚህ ያለፈ ሴራ የለውም። እኔ ግን ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ደብረ ብርሃን ላይ ካነበብሁት ወዲህ ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ታኒጉቺ እ.ኤ.አ. በ1947 በቶቶሪ ተወልዶ በ2017 አረፈ። በ1980ዎቹ ከደራሲው ናትሱዎ ሴኪካዋ ጋር ሆኖ የወንጀል ታሪኮችን ይሥል ነበር፤ ወደዚህ ጸጥታ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1990ዎቹ መባቻ ነው። የአውሮፓን የሥዕል ታሪኮች አጥብቆ ይወድ ስለነበር መስመሩ ቀጭን፣ ንጹሕና ያልተቻኮለ ነው፤ ፈረንሳይም በ2011 የክብር ኒሻን ሰጥታዋለች።

ከሁሉ የገረመኝ ልፋቱን የሚያፈስበት ቦታ ነው። የሰውየውን ፊት በጥቂት መስመር ያልፈዋል፤ የጣራውን ሸክላ፣ የአጥሩን ጥላና የዛፉን ቅጠል ግን አንድ በአንድ ይሥላል፤ ስለዚህ የአንባቢው ዓይን ሳይወድ በግድ በእግረኛው ርምጃ ልክ ይዘገያል። ንግግሩም እጅግ ጥቂት ነው። ከመንዝ የመጡት አጎቴ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ሆኖም መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ገጽ በገጽ ሲከተሉ ቆዩና በረዶው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ይሄ የኅዳር ውርጭ ነው?» አሉኝ። በረዶ መሆኑን ስነግራቸው፣ «ታዲያ በዚህ ብርድ ምን ፍለጋ ወጣ?» ብለው ጠየቁ፤ እኔ ሳልመልስ ሁለት ገጽ ገልጠው፣ «ለካ ሊያየው ነው» አሉ። ስለ ታኒጉቺ ጥበብ ከዚህ የተሻለ ሐተታ አልሰማሁም።

ቅሬታም አለኝ። የሰውየው ሚስት ከቤት ደጃፍ እምብዛም አትርቅም፤ እርሷም እንደ እርሱ ስትራመድ ባየሁ በወደድሁ ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ የገዛሁት ቅጂ ነው። የጥራዙ ሙጫ በሁለተኛው ንባብ ለቆ ገጾቹ ስለተነቃቀሉ በወፍራም ክር ሰፍቼዋለሁ። ሻጩን ብጠይቅ «የተሸጠ አይመለስም» ብሎኛልና፣ የምትገዙ ሰዎች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መጽሐፉን መሐል ላይ ገልጣችሁ ጥራዙን ፈትሹ።