ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን!

ቤታችን ውስጥ ጉንፋን አልወጣ ብሎን ነበር። ትልቁ ልጄ ከኬጂ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ለእህቱ፣ ከዚያ ለእኔ፣ በመጨረሻ ለእናቴ። እናቴ ተሽሏት ቀና ስትል ልጁ ደግሞ እንደገና ንፍጡን እያዝረበረበ ከች ይላል።

ስንት ቦታ ተንከራተትን! አንዱ ክሊኒክ፣ ስሙ ይቅር፣ ልጁን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው አንቲባዮቲክ ይጽፍልናል። በተመለስን ቁጥር ያው ሽሮፕ ነው። ሌላው ደግሞ "ልጆችሽ አቅም የላቸውም" ብሎ ውድ ቫይታሚን አሸክሞ ሸኘኝ። ገንዘቡስ ይሁን። ያቺን ቃል ሰምቼ እንቅልፍ ያጣሁት ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

በመጨረሻ ጎረቤቴ "ጤና ጣቢያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ክፍል ያለችው ሲስተር ጋ ሂጂ" አለችኝ። ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም፤ የሰፈር ሰው ግን ያውቃታል።

ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጄ እቅፌ ላይ ተኝታለች። ሲስተር አልቀሰቀሰቻትም። ሹራቧን ቀስ ብላ ገለጥ አደረገች፣ ሰዓቷን አየች፣ ትንፋሿን ቆጠረች። አንድ ደቂቃ ሙሉ! ውጭ ወረፋተኛው በር እያንኳኳ።

"32 ነው። በእሷ ዕድሜ 40 ከደረሰ ነው የሚያሰጋን። ደረቷም ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። ጉንፋን ነው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስ አይነካም። አልሰጥሽም።"

መድኃኒት ተከልክዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለምን ይመላለስብናል አልኳት። "የድሮው አይደለም የሚመለሰው፣ ሌላ ነው። ራይኖ የሚባለው ቫይረስ ብቻ ከ100 በላይ ዓይነት አለው። ትንንሽ ልጆችን በዓመት 6፣ 8 ጊዜ ቢይዛቸው አቅም ስላጡ አይደለም" አለችኝ። ቀሪው ማብራሪያዋ ከእኔ በላይ ነው።

እናቴ መስኮት ሲከፈት "ብርድ መታኝ" የምትል ሰው ናት። ሲስተር እጇን ይዛ፦ "እማማ፣ የታፈነው አየር ነው የሚጎዳዎት። አንዱ ያስነጠሰውን ሌላው ይስበዋል። ፀሐይ ሲወጣ ይክፈቱት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ፎጣዎን ይለዩ፣ በቀመሱበት ማንኪያም ልጅቷን አያጉርሷት።" እኔ ብዬው ቢሆን ቤቱ ይታመስ ነበር። ለሲስተር ግን "እሺ ልጄ" አለች፣ በቃ።

ጉንፋን ድርሽ አላለም አልልም። ባለፈው ልጁን ሲይዘው ግን እናቴ ጋ ሳይደርስ አለፈ።

ልጅ ያላችሁ፣ ገንዘባችሁን አትበትኑ፣ እሷ ጋ ሂዱ! እውነቴን ነው፣ ሂዱ! ካርድ ክፍል ወረፋ ስላለ በጠዋት ድረሱ። ሲስተር፣ እናቴ ቡና ሳላጠጣት አልቀርም ብላለችና ቅዳሜ እንዳትቀሪብን።