አዲሱ የጠዋት ፕሮግራም፣ ከጎንደር ቁርስ ቤት ሲታይ

ወሬ ሳላበዛ ልናገር። አዲሱ የጠዋት ፕሮግራም ከድሮው በብዙ ይሻላል። የሚቀረው ነገር አለ፣ እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ግን ሰው ለፍቶ ሲያሻሽል አይቶ ዝም ማለት ደግ አይደለም። ጣቢያውን በስም አልጠራም። ተመልካች ሲሸሸው ከርሞ «በአዲስ መልክ እንመጣለን» እያለ ሲያስተዋውቅ የሰነበተው ነው፤ ጠዋት ቴሌቪዥን የምትከፍቱ ሰዎች አታጡትም።

እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፣ እንጀራዬ ግን በፉልና በጨጨብሳ በኩል መጣ። ቴሌቪዥኑ ከቆጣሪው በላይ ተሰቅሏል፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አይጠፋም። መብራት ካለ ማለቴ ነው። ባጃጅ ነጂው ይመጣል፣ የባንክ ሠራተኛው ይመጣል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሚያስተምሩ መምህራን ይመጣሉ፣ ከቅዳሴ የወጡ እናቶች ሻይ ይላሉ፣ ሻንጣ ይዞ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቸኩልም አለ። ግማሹ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ነው የሚበላው። የጠዋት ቴሌቪዥን ማለት ይሄ ነው። ሰው አያየውም፣ ይሰማዋል፤ የሚፈልገው ነገር ሲመጣ ብቻ ዞር ይላል። ስለዚህ አንድ የጠዋት ፕሮግራም ጥሩ ነው መጥፎ ነው ለማለት የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ ስንት ሰው ዞር አለ?

በድሮው ፕሮግራም ማንም አይዞርም ነበር። ሦስት አቅራቢዎች ሶፋ ላይ ተደርድረው እርስ በርስ ይሳሳቃሉ። ትናንት ማታ የት እንደነበሩ ያወራሉ፣ ነገሩ ለእነሱ ይገባቸዋል፣ ለእኛ አይገባንም። ከዚያ እንግዳ ይመጣና ከልጅነቱ ጀምሮ የሕይወት ታሪኩን ሲተርክ ሰዓቱ ይነጉዳል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ማን ነው? ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት? ፈረቃ የምትገባ ነርስ? ዜናው ደግሞ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ አንዳንዴ 1 ሰዓት ላይ፣ አንዳንዴ 1 ከ20፣ አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ሰዉ ቀስ በቀስ ስልኩን ማውጣት ጀመረ። ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ። ሪሞት የሚጠይቀኝ ደንበኛ ሁሉ «ኳስ አድርጊልን» ነበር የሚለው፣ የትናንት ማታውን ጨዋታ ድጋሚም ቢሆን።

ተመልካች ሲሸሽ ጣቢያዎች መጀመሪያ የሚቀይሩት ዕቃውንና ፊቱን ነው። ይሄ የእኛ አገር አመል ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ አይቲቪ እ.ኤ.አ. በ2010 የቆየውን የጠዋት ፕሮግራሙን አጥፎ ዴይብሬክ የሚባል ጀመረ። ከቢቢሲ ሁለት ታዋቂ አቅራቢዎችን፣ ኤድሪያን ቻይልስንና ክሪስቲን ብሌክሊን፣ አስኮብልሎ ነው የጀመረው። ሁለቱ ዓመት ተኩል እንኳ ሳይቆዩ ወጡ፣ ፕሮግራሙም በ2014 ተዘግቶ በጉድ ሞርኒንግ ብሪቴን ተተካ። ዝነኛ ፊት ብቻውን ተመልካች አልመለሰም።

ከዚያ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1983 የሆነው ነው። ቢቢሲ ጃንዋሪ 17 ብሬክፋስት ታይምን ሲጀምር ዘና ያለ ነገር ይዞ መጣ፤ ሶፋ፣ ሹራብ የለበሰ አቅራቢ፣ አጫጭር ወሬ። ፌብሩዋሪ 1 ደግሞ ተፎካካሪው የጠዋት ጣቢያ ቲቪ ኤኤም በታላላቅ ስሞች ታጅቦ ተከፈተ። በማለዳው ጠንከር ያለ ማብራሪያና ትንታኔ ሊያቀርብ ፈለገ፣ ተመልካቹም ጥሎት ሄደ። ሊቀመንበሩ ፒተር ጄይ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀቀ።  የፋሲካ የትምህርት ቤት እረፍት ሲደርስ ሮላንድ ራት የሚባል የአይጥ አሻንጉሊት አስገቡ። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ያለው ማን ነው? ልጆች ናቸዋ! ልጆቹ ሲያዩ ወላጆቹም አዩ። ቀጥሎ ግሬግ ዳይክ የሚባል አዘጋጅ መጣና ፕሮግራሙን አቀለለው፣ ጣቢያውም ነፍስ ዘራ። እኛ አሻንጉሊት ይግባልን አላልንም። ግን በዚያ ሰዓት ማን ቤት እንዳለ፣ ማን መንገድ ላይ እንዳለ፣ ማን ቁርስ እየበላ እንደሆነ ሳያውቁ ሶፋ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ልመለስ። ሶፋው ሄዷል፣ ክብ የእንጨት ጠረጴዛ መጥቷል። ቀለሙ ጥሩ ነው፣ ዓይን አይወጋም። ስለ ዕቃው ይህ ይበቃል።

ዋናው ለውጥ ሰዓቱ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት አለ፣ በትልቁ፣ ከሩቅ የሚነበብ። ዜናው በየግማሽ ሰዓቱ ይመጣል፣ አጭር ነው፣ አይዛነፍም። አቅራቢዋም በመሀል በመሀል ሰዓቱን ትናገራለች። ይሄ ተራ ነገር ይመስላል፣ ለእኛ ቤት ግን ትልቅ ነገር ነው። «1 ሰዓት ከ40 ሆኗል» ስትል ወዲያው ሒሳብ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ሰዉ ጠዋቱን በእሷ ድምፅ መለካት ጀምሯል፤ አንድ የጠዋት ፕሮግራም ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? እንግዶቹም ቶሎ ወደ ነገራቸው ይገባሉ። የጤና ባለሙያ ስለ ስኳር በሽታ ሲያስረዳ በ7 ወይም በ8 ደቂቃ ጨርሶ ይወጣል፣ ያለው ነገርም ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል።

ሌላው ድምፁ ነው። ድሮ ከንግግሩ ሥር ሙዚቃ ያስገቡ ነበር። የጁስ ማሽን እየጮኸ፣ ዘይቱ እየተንጣጣ፣ ከሥር ሙዚቃ ሲጨመርበት አንድ ቃል አይሰማም። አሁን ሙዚቃውን አንስተውታል። ማን እንዳሰበው ባላውቅም እግዜር ይስጠው።

አሁን አንጀቴን ስላራሰው ነገር ልናገር። አዲስ ክፍል አላቸው፣ ዘጋቢ በስልክ ካሜራ ገበያ ወጥቶ የዕለቱን ዋጋ የሚጠይቅበት። የእኛ ተራ ደርሶ ልጁ ቅዳሜ ገበያ ወጣ። ማይክ ይዞ ቆሞ አላወራም። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ፊት ቁጢጥ አለ፣ አንዱን ሽንኩርት አነሳና ገለበጠው፣ ከሥሩ የረጠበውን አሳያት። «ይሄ እርጥብ ነው እኮ እማ፣ ደረቁ ስንት ነው?» አላት። እሷም መለሰችለት፣ ኪሎው ስንት እንደሆነ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበር፣ መኪናው መንገድ ላይ ሲዘገይ ምን ያህሉ እንደሚበሰብስባት፣ የበሰበሰው የሚታሰበው ከማን ኪስ እንደሆነ። ካሜራው ፊቷ ላይ ተንጠልጥሎ አልቀረም፣ እጆቿ የበሰበሰውን ከደህናው ሲለዩ አሳየን።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁልጊዜ ጥግ ይዘው ጋዜጣ የሚያነቡ ጋሼ አሉ፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው «ልጄ፣ እስቲ ድምፁን ጨምሪው» አሉኝ። እኚህ ሰው ያንን ቴሌቪዥን ጨምሪው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ቀንሺው ሲሉ ነው የማውቃቸው። ክፍሉ ሲያልቅ ቤቱ በክርክር ተሞላ። ነጋዴው ነው፣ አይ ነዳጁ ነው፣ አይ መንገዱ ነው። ስልክ ያወጣ አልነበረም። እኔም ራሴ ሽንኩርት ገዢ ነኝና ለማግስቱ ምን ያህል እንደማዝ የወሰንኩት እዚያው ነው።

የሚቀረውን ደግሞ እነሆ። አዘጋጆቹ ይህን ካነበባችሁ በቅን ልቡና ተቀበሉኝ።

የመንገድ መረጃችሁ አሁንም አዲስ አበባ ብቻ ነው። መገናኛ ተጨናንቋል፣ ሜክሲኮ ተዘጋግቷል፣ ቦሌ ቀስ በሉ። ጎንደር ሆኜ ይሄ ምን ያደርግልኛል? እኔ ቤት ቁርስ የሚበላው ሾፌር ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ መተማ ነው የሚወጣው። የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ? ይህን ጥያቄ በየማለዳው ከመናኸሪያ ከሚመጣ ሰው ነው የሚያጣራው፤ ከቴሌቪዥን አይጠብቅም፣ ምክንያቱም ቴሌቪዥኑ ነግሮት አያውቅም። ለየከተማው 1 ደቂቃ ብቻ ስጡ፣ ሾፌሩ ሁሉ የእናንተ ነው።

የአየር ጠባዩም እንደዚያው ነው። ካርታው ላይ ጎንደር አንድ ነጥብ ናት። ከደባርቅ ብርድ ተነስቶ መተማ ቆላ የሚገባ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ልብስ ይፈልጋል፤ አንድ ቁጥር ለሁላችንም አይበቃም። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ደግሞ ያልታሰበ ዝናብ ማለት የብዙ ሰው ኪሳራ ነው።

ሌላ። ጎንደር በተጠራች ቁጥር ዘጋቢ ፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ይቆማል። ፋሲል ኩራታችን ነው፣ ይታይ፣ ይደነቅ። ግን እኛ የምንኖረው ግንቡ ውስጥ አይደለም። ውሃ በጀሪካን የምንጠብቅ ሰዎች ነን፣ የአንገረብ ግድብ ውሃ ለከተማዋ አልበቃ ብሎ ዓመታት አልፈዋል። ያ ቅዳሜ ገበያ የወጣው ልጅ አንድ ጠዋት ከጀሪካን ሰልፍ ቢዘግብ ከተማው በሙሉ ያየው ነበር።

የማብሰያ ክፍሉ ላይ የሆነውንም ልጥቀስ። አንድ ዓርብ ቀን በእንቁላልና በቅቤ የሚሠራ ቁርስ አሳዩ። ዓርብ! እኔ ቤት ያለው ደንበኛ አብዛኛው ጾመኛ ነው፣ ፉል በዘይት እየበላ ቅቤ ሲቀልጥ ያያል። አገሩ ሁሉ ይጾማል አልልም፣ የማይጾምም አለ፣ ግን ረቡዕና ዓርብን የጾም ምግብ ማሳያ ብታደርጉት የሚቀየም የለም፣ የሚደሰተው ብዙ ነው።

ማስታወቂያው ደግሞ ከፕሮግራሙ በእጥፍ ይጮኻል። ሪሞት ይዤ እሮጣለሁ። ይሄ የሚስተካከል ነገር ነው፣ እባካችሁ አስተካክሉት።

ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ጊዜ ግን አልዳነም። እዚያ ላይ የድሮው አመል ተመልሶ ይመጣል፤ ሳቁ፣ የእርስ በርስ ጨዋታው፣ የስፖንሰር ምስጋናው። ሠራተኛው ከሄደ በኋላ ቤት የሚቀሩት እናቶችና አዛውንቶች ናቸው፣ ለእነሱ ምንም አልታሰበም። ጡረታ፣ የልጅ ክትባት፣ የቤት ውስጥ ሥራ፣ የጓሮ አትክልት፣ ስንት ርዕስ አለ! የእኔ እናት ለምሳሌ ያንን ሰዓት የምታሳልፈው በሬዲዮ ነው።

ውጤት ስጪ ካላችሁኝ ከ10 7 እሰጣለሁ። ለድሮው 3 አልሰጠውም ነበር። ለገበያው ክፍል ብቻ ቢሆን 10 ከ10 ነበር፤ በሳምንት አንዴ መሆኑ ነው ቅር የሚለኝ፣ በየቀኑ ከተለያየ ከተማ ቢያደርጉት እመኛለሁ።

ለአሁኑ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቻናሉን አልቀይርም፣ «ኳስ አድርጊልን» ቢሉኝም። ከዚያ በኋላ ሪሞቱን ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።