የእማዬን መድኃኒት ይዘው ለሮጡት የላቭ ፊልድ ሠራተኞች

ወገኖቼ፣ ከትናንት ወዲያ ዳላስ ላቭ ፊልድ ኤርፖርት ለረዱን የሳውዝዌስት አየር መንገድ ሠራተኞች በአደባባይ ምስጋናዬን ሳላደርስ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። አማርኛ አያነቡ ይሆናል። እናንተ ግን ስሙልኝ።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ እንግሊዝኛም አትችልም። ዴንቨር እህቴ ጋ ብቻዋን ነበር የምትሄደው። አምና በሌላ አየር መንገድ ስትሄድ ያየነውን መከራ እኛ ነን የምናውቀው። ቀድመን ያዘዝነው ዊልቸር የለም ተባለ። አንዷን ስንጠይቅ "የኛ ሥራ አይደለም፣ እዚያ ማዶ ሂዱ"፣ ማዶ ስንሄድ "ወደ መጣችሁበት ተመለሱ"። አራት ቦታ አመላለሱን። እማዬ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ "ልጄ ይቅር፣ አልሄድም" ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

ዘንድሮ ሳውዝዌስትን የመረጥነው ትኬቱ ስለረከሰልን ብቻ ነበር። ገና ስንደርስ መታወቂያዬን አይተው እስከ መሳፈሪያው በር አብሬያት እንድገባ ወረቀት ሰጡኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ግን የኢንሱሊኗ ቦርሳ የለም! ሻንጣ ያስረከብንበት ቦታ ረስተነዋል። ሰው መሳፈር ጀምሯል። እያለቀስኩ ስነግራት በሩ ላይ ያለችው ልጅ ወዲያው ስልክ አነሳች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ወጣት ሠራተኛ ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ መጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ። ሆስተሷ ወጥታ የእማዬን እጅ ይዛ አስገባቻት። ቦርሳውን ተቀብሎ መቀመጫዋ ድረስ የወሰደላት ደግሞ ፓይለቱ ነው፣ ፓይለቱ ራሱ! "የኔ ሥራ አይደለም" ያለ አንድም ሰው የለም።

ማታ ቤት ገብቼ ስለነሱ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ነው እዚሁ ቴክሳስ ውስጥ መብረር የጀመሩት። በዓመቱ ገንዘብ አጠራቸውና ከ4 አውሮፕላኖቻቸው አንዱን ሸጡ። በቀሩት 3 የ4ቱን በረራ ለመሸፈን፣ ያረፈ አውሮፕላን በ10 ደቂቃ ውስጥ እንደገና መነሳት ነበረበት። ሁሉም ተረባርቦ ተወጣው። ከመሥራቾቹ አንዱ ኸርብ ኬለኸር ከሠራተኛው ጋር ሻንጣ ይጭን ነበር። ጸሐፊው የነበረችው ኮሊን ባሬት እ.ኤ.አ. በ2001 የድርጅቱ ፕሬዝዳንት ሆነች። በዚያው ዓመት አሜሪካ ላይ ከደረሰው የመስከረሙ የሽብር ጥቃት በኋላ ሌሎቹ አየር መንገዶች ሠራተኛ በሺዎች ሲቀንሱ፣ እነሱ ማንንም ከሥራ አላሰናበቱም። አለቃው ሻንጣ በተሸከመበት ቤት ልጁ ለእናቴ ቦርሳ ቢሮጥ ምን ይገርማል?

እናት አባት የምታሳፍሩ የዳላስ ሐበሾች፣ እባካችሁ እነሱን ሞክሩ። በሩ ድረስ መግቢያ ወረቀቱን ጠይቁ፣ መታወቂያ አትርሱ። ተባረኩልኝ፣ ደጋግሜ እላለሁ፣ ተባረኩልኝ። እማዬ ዛሬም ደውላ "ያ የሮጠው ልጅ ውኃ ጠጣ?" አለችኝ።