ከፊራ አካባቢ በብርጭቆ ተሰፍሮ የሚሸጠውን የሜሎን ዘር እንዳትገዙ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ድሬም ሐረርም ሆናችሁ በጓሮ፣ በጄሪካን ሜሎን የምትተክሉ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ዘር ልትገዙ እንዳትወጡ። ነጋዴውን ታውቁታላችሁ፤ እሱን ባታውቁት እንኳ መሰሉን ታውቃላችሁ። መደርደሪያው ላይ ባለ ሥዕል ቆርቆሮ ይደረድራል፣ የሚሰፍርላችሁ ግን ባንኮኒው ሥር ካለ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከየት መጣ ስትሉት «ከገበሬ ማሳ፣ የተመረጠ ነው፣ አብሽሪ!» ይላል። ለአንድ የሻይ ብርጭቆ 800 ብር ከፈልኩ።

ከዚያው ላይ 20 ፍሬ ቆጥሬ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለልኩ። ደህና የሜሎን ዘር በድሬ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ሥሩን ብቅ ያደርጋል። እኔ 8 ቀን ሰጠሁት፤ የበቀለው 2 ብቻ ነው። ዛሬ አርብ ጠዋት ጨርቁን እንደተጠቀለለ ይዤ ሄጄ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁለት። ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። መጀመሪያ «ውሃ አብዝተሽበት ነው» አለ። ቀጥሎ «ከኪያር ጋር ተዳቅሎ ይሆናል» አለ። ሦስተኛውን ሳይጨርስ ሽርጥ ያሰረ የጁስ ቤት ልጅ ባልዲ ተሸክሞ ገባ። ባልዲው ውስጥ ያለው የሜሎን ሆድ እቃ ነው፤ ዘሩ ከነዝልግልጉ፣ ላዩ ላይ ነጭ አረፋ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ። «የማክሰኞው ነው፣ የት ላድርገው?» አለ። ሻጩ ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ጨርቄ ፊቱ እንደተዘረጋ ልጁን «ውጣና ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ስጣው» አለው። ሂሳብ የምትቀበለዋ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። ብሬን ስጠይቅ «የተወሰደ ዘር አይመለስም፣ አቦ አታካብጂው» አለችኝ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ምልክቱን እጄ ላይ ይዤው ማለፌ ነው። ደህና የሜሎን ዘር ሾጣጣ ጫፉ ድፍን ነው። የእነሱ ግን ከአሥሩ የአራት አምስቱ ጫፍ ፈልቆ፣ ክር የምታህል ቡናማ ሥር ደርቃ ተጣብቃበታለች። ስገዛ ቆሻሻ መስሎኝ በጥፍሬ ቧጠጥኳት። ባልዲ ውስጥ በቅሎ የሞተ ዘር ነበር።

እንዴት እንደሚሞት ልንገራችሁ። ዘሩን የከበበው ዝልግልግ ፍሬው ውስጥ ሳለ እንዳይበቅል ይይዘዋል። ዘሩንና ዝልግልጉን በትንሽ ውሃ ስታብላሉት ያ ሽፋን ይበላል፤ ለማጽዳት የሚደረገውም ለዚሁ ነው። እንደኛ ባለ ሙቀት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ማማሰል አለባችሁ። ከዚያ ካለፈ ዘሩ አፈር ያገኘ መስሎት ይነቃል። የነቃ ዘር ደግሞ ከደረቀ አይመለስም። ባልዲው ከማክሰኞ እስከ አርብ መቆየቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከባልዲው የተረፈውን ቆርቆሮ ጣሪያው ይጨርሰዋል። እርጥብ ዘር ከ35 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ውስጡ ይበስላል፤ የድሬ ቆርቆሮ በቀትር እጅ እንደማያስነካ ለእናንተ አልነግራችሁም። ደህና አድርጎ ማድረቅ ልፋት የለውም እኮ! ሲብላላ የቆየውን በብዙ ውሃ ማጠብ፣ የሚንሳፈፈውን ገለባ ማፍሰስ፣ የሰጠመውን በወንፊት ማጥለል፣ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር መበተን፣ በቀን ሁለቴ ማገላበጥ። ሶፍትና ጋዜጣ ላይ አታስጡት፤ ይጣበቅና ስታላቅቁት ቆዳው ይገፈፋል። ስታጥፉት ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከለመጠ ግን ጠርሙስ ውስጥ ይሻግታል። በደንብ ደርቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ዘር 5 ዓመት ይቆያል።

የኪያሩ ሰበብ ደግሞ ውሸት ነው። ሜሎን ከኪያርም፣ ከዱባም፣ ከሀብሀብም አይዳቀልም። ከሌላ ሜሎን ጋር ግን ንብ በቀላሉ ያዳቅለዋል፤ ኪያር መስሎ የሚረዝመውም ዓይነት ራሱ ሜሎን ስለሆነ ይቀላቀላል። ቢዳቀል እንኳ የሚለወጠው በሚቀጥለው ዓመት የምታገኙት ፍሬ ነው እንጂ ዘሩ መብቀሉን አይከለክልም።

ከጁስ ቤት የመጣው ዘር ቢበቅልም ሌላ ጣጣ አለው። ገበያ የሚወጣው ሜሎን ብዙ ጊዜ ሃይብሪድ፣ ማለትም ከሁለት ዓይነት የተዳቀለ ነው፤ ከሱ የሚወጣው ዘር እናቱን አይመስልም። አንዱ ግንድ ጣፋጭ፣ ሌላው ውሃ ውሃ የሚል፣ ሌላው ቆዳው ወፍራም ይሆንባችኋል፤ ይህን የምታውቁት ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ውሃ ካጠጣችሁ በኋላ ነው። ዘር የምታስቀሩ ከሆነ ሃይብሪድ ካልሆነ ዓይነት ጀምሩ። ጎረቤት ሌላ ሜሎን ካለው አበባውን ራሳችሁ አዳቅሉ። ከበታቿ ትንሽ ኳስ ያላትን ሴት አበባ ከመፍካቷ በፊት ማታ ፈልጉ። በብዙ ሜሎን እሷም የራሷ የወንዴ ክፍል ስላላት በወረንጦ አውጡላትና በክር እሰሯት፤ በማግስቱ ሊፈካ የደረሰ ወንድ አበባም እሰሩ። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ የወንዱን ቅጠል ገንጥላችሁ ብናኙን አስነኳትና መልሳችሁ እሰሯት። ግንዷ ላይ ቀይ ክር አድርጉ፤ ያለዚያ ልጆች ይበሉታል። ፍሬው ከግንዱ ራሱ ሲላቀቅ ዘሩ ደርሷል።

መግዛት ግድ ከሆነባችሁ ከማዳበሪያ ከረጢት አይሁን። መዳፋችሁ ላይ 20 ፍሬ አስቆጥሩና ጫፉን በብርሃን እዩ። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ስለተቀባ ብቻ አትመኑት፤ ቀለም ማንም ይነክራል። መጀመሪያ ጥቂት ብቻ ገዝታችሁ ጨርቅ ላይ ሞክሩ፤ ከ20ው 16 ካልበቀለ ተዉት። ሐረር ያላችሁ በኅዳርና በታኅሣሥ ስትሞክሩ ጨርቁን ምድጃ አጠገብ አኑሩት፣ ከ20 ዲግሪ በታች ደህናውም ዘር ይለግማል።