የባሕር ዳር ገበያ ሸማ ለማስታወሻ ደብተር፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር

ሐዘን የገባበት ሰው፣ የወለደች እናት፣ ትዳር ይዛ ከቤት የምትወጣ ልጅ፣ ጡረታ የወጣ መምህር፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ላለ ሰው ጨርቅ የለበሰ ደብተር በገዛ እጅ መሥራት ከሱቅ ከመግዛት ይሻላል። እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ ይሰበሰባል፤ የእናት ቀሚስ ቁራጭና የልጅ መታቀፊያ ጫፍም ቦታ ያገኛሉ። ብዙው ሥራ የሚበላሸው ግን ገና ጨርቁ ሲገዛ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያና በሸማኔ ቤት የሚገኘውን ሸማ ለዚህ ሥራ በሚሰጠው ጥቅም ብቻ እናየዋለን።

ነጠላ ያምራል፤ ለሽፋን ግን ብቻውን አይችልም። ሽመናው ሳሳ ስለሚል ኮላው በክሩ መካከል ሾልኮ ይወጣና ሲደርቅ ፊቱ ላይ ጠቃጠቆ ይተዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጨርቁን በሁለት አውራ ጣት ይዞ ወደ ጎን ገፋ ማድረግ። ክሩ ተንሸራቶ ቀዳዳ ከከፈተ ከጀርባው ስስ ወረቀት ሳይለጠፍበት አይሠራም። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ስለሆነ ማዕዘኑ ላይ ሲታጠፍ ያብጣል፤ ክዳኑም አልገጥም ይላል። ስፌቱ ተተርትሮ አንዱ ንጣፍ ብቻ ሲወጣ ግን ከወረቀቱ መካከል ለሚገባው የጨርቅ ገጽ የሚተካከለው የለም።

ለሽፋን የምንመርጠው መነን ነው። ክሩ ቀጭን፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ኮላ አያሳልፍም። ጉዳቱ ጫፉ ቶሎ መተርተሩ ነው፤ ከመቁረጥ በፊት መስመሩ ላይ በውኃ የቀጠነ ቪናቪል (ነጭ የእንጨት ኮላ) ቀብቶ ማድረቅ ያድነዋል። በጀት ከጠበበ አቡጀዲ አያሳፍርም፤ ለደብተሩ ጀርባ ማጠናከሪያማ ከሁሉም ይበልጣል።

ባለቀለም ጥለት ካለው፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን ተደርጎ ይያዝ። ቀለም ከለቀቀ ይቅር፤ ኮላው ውስጥ ያለው ውኃ ቀለሙን ወደ ነጩ ይጎትተዋል። የጥለቱ አቀማመጥም ይታሰብበት። በሐዘን ጊዜ ነጠላ ሲለበስ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት በኩል ይሆናልና የሐዘን ደብተር ላይ በላይኛው ጠርዝ ቢውል ያየው ሁሉ ይገባዋል። ለአራስ ወይም ለሙሽራ ደብተር ታች ይሁን።

ልኩ ይህ ነው። ወረቀቱ ለሁለት የታጠፈ ኤ4 ሲሆን፣ አራት አራት ሉክ የያዘ ስድስት ጥራዝ ይዘጋጃል፤ በየጥራዙ መካከል አንድ የጨርቅ ገጽ ይገባል። ክዳኖቹ 15 በ21.6 ሴንቲ ሜትር፣ ጀርባው 2 ሴንቲ ሜትር፣ በክዳንና በጀርባ መካከል የሚተወው ክፍተት 7 ሚሊ ሜትር። ጨርቁ ለመታጠፊያ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮበት 38 በ26 ሆኖ ይቆረጣል። ጀርባው ለወረቀቱ ብቻ ቢሆን ከልክ በላይ ሰፊ ነው፤ ይህን ያህል የሆነው ፎቶና ቁራጭ ጨርቅ ሲለጠፍበት ደብተሩ ስለሚወፍር ነው። ለሽፋን ብቻ አንድ ክንድ፣ ከውስጥ ገጾቹ ጋር ሁለት ክንድ ይበቃል። ለክዳን የዕቃ መጠቅለያ ካርቶን አይሆንም፤ ሆዱ ክፍት ስለሆነ ይሰረጉዳል። የአሮጌ ቦክስ ፋይል ገበታ ይሻላል።

አዲስ ሸማ ሳይታጠብ አይቆረጥ፤ በኋላ ይሰበሰባል። ድሩ (የቁመቱ ክር) አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (የአግድሙ ክር) የእጅ ፈትል ስለሆነ ጨርቁ በማጉ በኩል ይሳባል። ስለዚህ ድሩ ከደብተሩ ጀርባ ጋር ትይዩ ይቁም፤ ከተገለበጠ ክዳኑ ይቆለመማል።

ነጠላን ከስሱ ወረቀት ጋር ለማጣበቅ የሚሆነው ሙጫ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ውኃ ነው፤ እየተማሰለ ፈዘዝ እስኪል ይበስላል። እርጥቡ ጨርቅ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መስታወት ላይ ይነጠፋል፤ ሙጫ የተቀባው ወረቀት ከላዩ ይለጠፍና ከመሃል ወደ ዳር በእጅ ይገፋል። መጨማደድ የሚመጣው ከዳር ሲጀመር ነው። በበጋ አድሮ ይደርቃል፤ በጎጃም ክረምት ግን ቢያንስ ሁለት ቀን ይቆይ፤ ሳይደርቅ ከተጣጠፈ ይሻግታል።

ለስፌቱ ከጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍት የተሻለ መምህር የለም። ጥራዞቹ እርስ በርስ በሰንሰለት ስፌት ስለሚያያዙ መጽሐፉ ተዘርግቶ ይከፈታል፤ በአንዳንዶቹም የእንጨት ገበታ ውስጠኛ ፊት ላይ፣ በቆዳው መካከል፣ የጨርቅ ቁራጭ ተለጥፎ ይታያል። ለደብተሩ በየጥራዙ አምስት ቀዳዳ በወስፌ ይበሳል። ክሩ ጧፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሳብ፤ ሰም ያልነካው ክር ወረቀቱን እየጋዘ ይቀደዋል። ሲጠብቅ ክሩን በጀርባው አቅጣጫ መሳብ ነው እንጂ ወደ ላይ ከተሳበ ቀዳዳው ይተረተራል። ስፌቱ ሲያልቅ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አቡጀዲ ጀርባው ላይ ይለጠፋል።

የጨርቅ ገጽ ላይ የብዕር ቀለም ይሰራጫል። ስስ የዱቄት ሙጫ ተቀብቶ ደርቆ ከተተኮሰ ግን እርሳስና እስክሪብቶ ይይዛል።

የድሮ ልብስ ሲሆን ጨርቁ ወደ ብርሃን ይያዝ፤ ትከሻና መቀመጫ ላይ የሳሳው አይሆንም። የሟች ልብስ ለነዳያን የሚሰጥ ከሆነም መቀስ ፊቱን መንካት የለበትም፤ ከታችኛው እጥፋት ውስጥ ካለው ትርፍ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለአንድ ገጽ ትበቃለች።