ተንሸራታች ጣሪያ ወይስ ጉልላት? ቴሌስኮፕን ከወሎ ነፋስ ለመጠበቅ

ደሴ ላይ ግቢው ውስጥ ቴሌስኮፕ ለሚተክል ሰው ተንሸራታች የቆርቆሮ ጣሪያ ይረክሳል፤ የሰፈር በያጅ ይሠራዋል። ሲከፈት ሰማዩ ሙሉ ነው። ጣጣው ነፋሱ ነው። ፍጥነቱ በ2 እጥፍ ሲጨምር ግፊቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ቆርቆሮን የሚነቅለውም በአብዛኛው ሽቅብ የሚያነሳው የነፋስ ኃይል ነው። ስለዚህ አራቱም ማዕዘን ላይ ጣሪያውን ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ጋር የሚቆልፍ የብረት መንጠቆ ግድ ነው። ሐዲዱም ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰር። ጣሪያው ተከፍቶ ሲቆምም ይቆለፍ፤ ብዙዎች ይህን ይረሱታል።

ጉልላት ክብ ስለሆነ ነፋሱ ዞሮት ያልፋል። ሰማዩ የሚታየው በጠባብ መስኮት ስለሆነ ቴሌስኮፑም ብዙ አይንቀጠቀጥም። ግን ውድ ነው።

ዙሪያውን በቤት ለተከለለ የከተማ ግቢ ጣሪያውን እመርጣለሁ። እንደ ደላንታ ላለ ገላጣ ሜዳ ግን ጉልላት ይሻላል፤ ገንዘቡ እስኪሞላ መጠበቅም ያዋጣል።